ጠያቂና ቀጪ ሲለያዩ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ሥራውን ያስጀመረው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አብራሪዎቹና መካኒኮቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ አውሮፕላኖቹም ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47። እምብዛም የማይነገረው ሌላ ነገር ነው። የአውሮፕላን አደጋ ሲደርስ «ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ግን ማንንም የማይቀጣ ተቋም በአሜሪካ የተገነባው በአመዛኙ በዚሁ በቲ.ደብሊው.ኤ. አደጋዎች ላይ ነው። በ1931፣ በ1935፣ በ1956 እና በ1974 የወደቁት አውሮፕላኖቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሕግ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ትተው አልፈዋል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መርማሪ የሚባል ሰው አልነበረም። በመስከረም 1908 ኦርቪል ራይት በቨርጂኒያ ፎርት ማየር ለጦር ሠራዊቱ ሲያሳይ የነበረው አውሮፕላን ወድቆ አብሮት የተሳፈረው ወጣቱ መኮንን ቶማስ ሰልፍሪጅ ሞተ፤ በሞተር አውሮፕላን አደጋ ከሞቱት ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ምክንያቱን ያጣራው አውሮፕላኑን ሊገዛ የመጣው ሠራዊት ራሱ ነበር። በብሪታንያ ደግሞ ነገሩን የጀመረው የአብራሪዎች ማኅበር ነው። ሮያል ኤሮ ክለብ በ1912 ብሩክላንድስ ላይ ስለደረሰ አደጋ ኮሚቴ አቋቁሞ ሪፖርት አወጣ። በ1915 ካፒቴን ጂ.ቢ. ኮክበርን የሠራዊቱ አየር ክፍል የአደጋ መርማሪ ሆኖ ተሾመ፤ የዛሬው የብሪታንያ የአደጋ ምርመራ ቅርንጫፍ የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከዚህ ሰው ነው።

አሜሪካ በ1926 ባወጣችው ሕግ ምርመራውን ለንግድ መሥሪያ ቤቷ ሰጠች። መሥሪያ ቤቱ ይመረምራል፤ ያገኘውን ግን ለሕዝብ አይናገርም። ምክንያቱ ገና ጡት ያልጣለውን የአየር ትራንስፖርት ገበያ ላለማስደንገጥ ነበር። ይህን ምስጢር የሰበረው መጋቢት 31 ቀን 1931 በካንሳስ፣ ባዛር በምትባል ቦታ አጠገብ የወደቀው የቲ.ደብሊው.ኤ. ፎከር ነው። ስምንት ሰው ሞተ፤ ከእነሱ አንዱ በአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝነቱ አገር የሚያውቀው ኑት ሮክኒ ነበር። ሕዝቡ «ምን ሆኖ ወደቀ?» ሲል ጮኸ፤ መንግሥትም ዝም ማለት አልቻለም። ክንፉ ከእንጨት የተሠራና በሙጫ የተያያዘ ነበር፤ በአየር ላይ ተገንጥሎ ነው የወደቀው። የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ለጊዜው ከበረራ ታገዱ፤ የእንጨት ክንፍ በመንገደኛ ፊት ዋጋ አጣ።

ቲ.ደብሊው.ኤ. አዲስ አውሮፕላን መፈለግ ነበረበት። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ጃክ ፍራይ በ1932 ለአምራቾች የላከው አጭር ደብዳቤ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አውሮፕላን ጠየቀ። ዳግላስ ኩባንያ መልሱን ዲሲ-1 ብሎ ሠራ፤ ከእሱ ዲሲ-2፣ ከዚያም ዲሲ-3 መጣ። የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ሥሪት ሲ-47 ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን እንግዲህ በካንሳስ ሜዳ የወደቀው ፎከር የወለደው ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከካንሳሱ አደጋ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው አደጋ ግን በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ለተቋሙ ታሪክ ይበልጣል። ግንቦት 6 ቀን 1935 ሌሊት ከአልበከርኪ ወደ ካንሳስ ሲቲ የሚሄድ የቲ.ደብሊው.ኤ. ዲሲ-2 በጉም ተከበበ፤ ነዳጁም እያለቀ ሄደ። አብራሪው በሚዙሪ ሌላ ማረፊያ ሲፈልግ አትላንታ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወደቀ። ከሟቾቹ አንዱ ሴናተር ብሮንሰን ከቲንግ ነበሩ። የንግድ መሥሪያ ቤቱ የአየር ክፍል መረመረና ጥፋቱን በዋናነት ወደ አየር መንገዱ አዞረው። አየር መንገዱም መልስ ነበረው፤ አብራሪውን ሊመራው የሚገባው የመሬት ሬዲዮ ምልክት በትክክል አይሠራም ነበር አለ። ይህን የሬዲዮ ምልክት የተከለው፣ የሚጠግነውና የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? መርማሪው ራሱ። የበረራ ደንቡን ያወጣውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቀጣውም ያው መሥሪያ ቤት ነው።

የሟቹ ባልደረቦች ሴናተሮች በሮያል ኮፕላንድ ሰብሳቢነት ኮሚቴ አቋቁመው መሥሪያ ቤቱን ራሱን መረመሩ፤ ሪፖርታቸውም ክፉኛ ነቀፈው። በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ መርማሪ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሊታመን አይችልም የሚለው ሐሳብ በሕግ የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። የ1938ቱ የሲቪል ኤሮኖቲክስ ሕግ ሦስት አባላት ያሉት የአየር ደኅንነት ቦርድ አቋቋመ። ከሦስቱ አንዱ በሥራ ላይ ያለ የአየር መንገድ አብራሪ መሆን ነበረበት፤ ቦርዱ ይመረምራል፣ ምክር ይሰጣል፣ ሌላ ሥልጣን የለውም። ዕድሜው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ሆነ። በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መሥሪያ ቤቶችን ሲያደራጁ አጠፉት፤ አብራሪዎች ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም። ቦርዱ በፈረሰ በሁለት ወሩ ገደማ፣ በነሐሴ 31፣ በቨርጂኒያ ሎቬትስቪል አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ 25 ሰው ሞተ፤ በዚህኛውም ውስጥ አንድ ሴናተር ነበሩ። ቦርዱ ቢኖር አውሮፕላኑ አይወድቅም ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም ያለ አንድ ሟች ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀው የአገሪቱ የአየር መንገዶች ጊዜ ያበቃው በዚያ ቀን ነው።

የዓለም አቀፉ ሕግ ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። በኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት የሲቪል አቪዬሽንን ዓለም አቀፍ ድርጅት ወለደ፤ ኢትዮጵያም በጉባኤው ከተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። የስምምነቱ 26ኛ አንቀጽ አደጋው የደረሰበት አገር ምርመራ እንዲከፍት፣ አውሮፕላኑ ለተመዘገበበት አገርም ታዛቢ የመላክ ዕድል እንዲሰጠው ያዝዛል። ዝርዝሩ በ1951 አኔክስ 13 ሆኖ ጸደቀ። ሰነዱ ስለ ምርመራ ዓላማ የሚለው አጭር ነው፤ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል ነው፤ ጥፋተኛን መለየት ወይም ካሣ የሚከፍለውን መወሰን የምርመራው ሥራ አይደለም።

ይህን አንድ አደጋ የደረሰበት ቤተሰብ ሲሰማው ይመረዋል፤ ልክም ነው። ልጁን ያጣ አባት «ማን ገደለው?» ማለቱ ተፈጥሮ ነው። አኔክስ 13 ጥያቄውን አይከለክልም፤ ፍርድ ቤትም ፖሊስም በየበኩላቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። የሚለው ይህን ነው፦ አንዱ መሥሪያ ቤት ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ ይጠፋል። እስር እንደሚጠብቀው የሚያውቅ መካኒክ ብሎኑን በምን ያህል እንዳጠበቀው አይናገርም። ፈቃዱ እንደሚነጠቅ የሚያውቅ አብራሪ ደክሞት እንደነበረ አይናገርም። ያልተነገረው ነገር ደግሞ ነገ በሌላ አውሮፕላን ላይ ይደገማል።

ሰው ባይናገር የሚናገር መሣሪያ የመጣውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1954 ሁለት የብሪታንያ ኮሜት ጄቶች በሦስት ወር ልዩነት ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሲበታተኑ መርማሪዎች ምስክር አጡ። በፋርንቦሮ ያሉ መሐንዲሶች አንድ ኮሜት በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ከተው ግፊት እየሞሉና እየቀነሱ በረራን አስመሰሉ፤ በመጨረሻም አካሉ በብረት ድካም ተሰነጠቀ፤ ምስጢሩ ተፈታ። በሜልቦርን የሚሠራው ኬሚስት ዴቪድ ዋረን ግን ሌላ ነገር አሰበ፦ በአብራሪዎቹ ክፍል የተባለውን ሁሉ የሚቀዳ፣ እሳትና ግጭት የማይበግረው መሣሪያ ቢኖርስ? ዋረን ልጅ ሳለ አባቱን በ1934 በባስ የባሕር ወሽመጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ አጥቷል፤ የዚያ አደጋ ምክንያት በትክክል አልታወቀም። የሠራውን ናሙና በአገሩ መጀመሪያ ማንም ቁምነገር አላለውም። በ1960 በኩዊንስላንድ ማኬይ አጠገብ አንድ ፎከር ባሕር ገብቶ የነበሩት ሁሉ ሲሞቱ አውስትራሊያ መቅጃ በግዴታ እንዲገባ አዘዘች። ዛሬ «ጥቁር ሳጥን» የምንለው፣ በቀለሙ ግን ብርቱካናማ የሆነው ዕቃ ሥሩ እዚያ ነው።

በ1956 ሰኔ 30 ቀን የቲ.ደብሊው.ኤ. ሱፐር ኮንስተሌሽንና የዩናይትድ ዲሲ-7 በግራንድ ካንየን ላይ ተጋጭተው 128 ሰው አለቀ። የዛሬው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በ1958 የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። በ1967 ደግሞ የምርመራው ሥራ ለብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ተሰጠ። ቦርዱ ግን በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ነበር፤ የሚመረምራቸው ሰዎች ጎረቤቶቹ ነበሩ።

የዚህ አደረጃጀት ችግር በዲሲ-10 ታየ። ሰኔ 12 ቀን 1972 የአሜሪካን አየር መንገድ ዲሲ-10 ከዲትሮይት እንደተነሣ የዕቃ መጫኛው በር በአየር ላይ ተገነጠለ፤ አብራሪዎቹ በብርቱ ትግል አወረዱት፤ ማንም አልሞተም። ቦርዱ በሩ እንዲስተካከል አጥብቆ መከረ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን አስገዳጅ ትእዛዝ ከማውጣት ይልቅ ከአምራቹ ጋር በቃል ተግባባና ነገሩ ለአምራቹ ፈቃደኝነት ተተወ። መጋቢት 3 ቀን 1974 የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ-10 ከፓሪስ ተነሥቶ በኤርሜኖንቪል ጫካ ወደቀ፤ ያው በር ነበር የተገነጠለው። 346 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ቦርዱን ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አወጣው፤ ሕጉ ከሚያዝያ 1 ቀን 1975 ጀምሮ ሠራ። ለቦርዱ የማዘዝ ሥልጣን እንዳልተሰጠው ልብ ይሏል። ዛሬም ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ጉልበቱ ምክሩን በአደባባይ መናገሩና ምክሩን ማን እንዳልሰማ መዝግቦ መያዙ ነው።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ የሚጀምር ነው። ሁለተኛው ልደት ከአደጋ በፊት መስማት ነው፤ እሱም በቲ.ደብሊው.ኤ. በረራ 514 መጣ።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 እሑድ ጠዋት ነው። ቦይንግ 727ቱ ዋሽንግተን ናሽናል ለማረፍ ይመጣ ነበር፤ ነፋሱ ስለበረታ ወደ ደለስ ዞረ። ገና ከማረፊያው ከ40 ማይል በላይ ርቆ ሳለ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ወደ ማረፊያው መቃረብ እንደሚችል ፈቀደለት። ለተቆጣጣሪው ይህ ማለት «ቅረብ፤ ከፍታህን ግን ራስህ ጠብቅ» ነው። ለአብራሪው ግን «ፈቃድ ከሰጠኝ ከፊቴ ተራራ የለም ማለት ነው» ነበር። ሁለቱም የተማሩትን ነው ያደረጉት። አብራሪው ወደ 1,800 ጫማ ወረደ፤ አውሮፕላኑም በደመና ውስጥ ማውንት ዌዘር ከተባለው ተራራ ጋር ተላተመ። 92 ሰው ሞተ።

ምርመራው ሲቀጥል አንድ የሚያንገበግብ ነገር ተገኘ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው አቀራረብ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ስሕተት ያንኑ ተራራ ለጥቂት ሳቱ። ለኩባንያቸው ነገሩ፤ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ወደ ቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪዎች የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። እውቀቱ በአገር ውስጥ ነበረ፤ ያልነበረው መንገዱ ነው።

የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በ1975 ስሕተታቸውን በፈቃዳቸው የሚናገሩ አብራሪዎች እንደማይቀጡ አስታውቆ ፕሮግራም ከፈተ። ማን አምኖ ይናገር? ሪፖርቱን የሚቀበለውም ፈቃድ የሚነጥቀውም ያው ቤት ነው። ስለዚህ በሚያዝያ 1976 ሥራው ለናሳ ተሰጠ። ናሳ ለጠፈር ይታወቃል፤ ለዚህ የተመረጠው ግን ማንንም የመቅጣትም ሆነ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ስለሌለው ነው። አሠራሩን የዘረጋው በኤምስ የምርምር ማዕከል የሚሠራው ሐኪም ቻርልስ ቢሊንግስ ነው። አብራሪ፣ ተቆጣጣሪ ወይም መካኒክ የሆነውን ይጽፋል፤ ስምና አድራሻው በቅጹ አንድ ዳር ላይ ነው። ጡረታ የወጡ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ያነቡታል፤ ካልገባቸው ደውለው ይጠይቁታል። ከዚያ ስሙ ያለበትን ጫፍ ቆርጠው ለራሱ ይመልሱለታል፤ ማንነቱ በእነሱ ዘንድ አይቀርም። በአሥር ቀን ውስጥ ሪፖርት ያደረገ ሰው ደንብ ጥሶም ከሆነ ሆን ብሎ እስካልሆነ ድረስ ከቅጣት ይድናል፤ ወንጀልና አደጋ ግን በዚህ ጥበቃ አይሸፈኑም። እስከ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ደርሷል። ብሪታንያ በ1982 የራሷን ተመሳሳይ ተቋም ከፈተች፤ ሌሎችም ተከተሉ።

እዚህ ላይ የአየር መንገዶቹ ድርሻ ይመጣል። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በብዙ አየር መንገድ የደኅንነት ክፍል ማለት ፖስተር የሚለጥፍና አደጋ ሲደርስ ፎርም የሚሞላ ቢሮ ነበር። ያንን የለወጠው በካናዳ የደረሰ አንድ አደጋ ነው። መጋቢት 10 ቀን 1989 የኤር ኦንታርዮ ፎከር ኤፍ-28 ከድራይደን ተነሥቶ ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ ከ69 ሰው 24 ሞተ። ምክንያቱ ክንፉ ላይ የነበረው በረዶ ነው። ተራ መርማሪ «አብራሪው በረዶ ሳያስጠርግ ተነሣ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋው ነበር።

መርማሪ ኮሚሽን የመሩት ዳኛ ቨርጂል ሞሻንስኪ ግን ፋይሉን አልዘጉም። አውሮፕላኑ ሞተር የሚያስነሣለት ረዳት ሞተር ተበላሽቶ ነው ለበረራ የተለቀቀው። በድራይደን ደግሞ ከመሬት የሚያስነሣ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ አብራሪው አንዱን ሞተር ማጥፋት አይችልም፤ ቢያጠፋ እዚያው ይቀራል። ሞተር እየሠራ ደግሞ የበረዶ ማጥፊያ ፈሳሽ መርጨት ክልክል ነው። በረዶ እየጣለ፣ መንገደኞች ተያያዥ በረራ እንዳያመልጣቸው እየተጨነቁ፣ ሰዓቱ እያለፈ ያ ሰው እዚያ ተቀመጠ። ክንፉ ላይ በረዶ ያዩ ሰዎች በመንገደኞች ክፍል ነበሩ፤ ከእነሱም መሐል አብራሪዎች ይገኙ ነበር፤ ለፊተኛው ክፍል የነገረ ግን የለም። ብልሹውን አውሮፕላን ያን ቀን በዚያ መስመር የመደበው ሰው ቢሮ ውስጥ ነበር። አዲሱን የጄት አገልግሎት ያለ በቂ መመሪያ ያስጀመረው ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ነበር። ያንን ያልተቆጣጠረው መንግሥትም ቢሮ ውስጥ ነበር። ኮሚሽኑ በ1992 በ191 ምክሮች ሥራውን ጨረሰ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ሪዝን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ፊት ለፊት ከሚታየው ሰው ስሕተት በስተጀርባ ከሩቅ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተወሰነ የሌላ ሰው ውሳኔ ተኝቶ ይጠብቃል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ይህን ትምህርት ወደ አየር መንገዶች ቤት አስገባው። ከ2009 ጀምሮ አየር መንገዶች የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት እንዲኖራቸው ግድ ሆነ፤ በ2013 ጉዳዩ የራሱን አኔክስ፣ አኔክስ 19ን፣ አገኘ። ሥርዓቱ በወረቀት ሲነበብ ደረቅ ነው፤ ሥራው ግን ሕይወት ያለው ነው። በመጀመሪያ በኩባንያው ውስጥ በስም የሚታወቅ አንድ ተጠያቂ ኃላፊ ይኖራል፤ ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት፤ «በጀት አልተፈቀደልኝም» ማለት አይችልም። የደኅንነት ኃላፊው በቀጥታ ወደ እሱ ይገባል። እያንዳንዱ ሥጋት በሁለት ነገር ይመዘናል፤ የመድረሱ ዕድልና ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት። ዕድሉ ከአንድ እስከ አምስት፣ ጉዳቱም በአምስት ደረጃ ይከፈላል፤ ሁለቱ በሠንጠረዥ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ቀይ ከሆነ በረራው ይቆማል ወይም ሥጋቱ ይቀነሳል።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ወፍ ዋጡ፤ አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ከማረፊያው ውጭ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። የዚህ ሥጋት ምንጭ አውሮፕላኑም አብራሪውም አልነበረም፤ ሐይቁ አጠገብ ያለ ሜዳና በሜዳው የሚመገቡ ወፎች ነበሩ። ዛሬ እንደዚያ ያለ ማረፊያ የሚጠቀም አየር መንገድ የወፎቹን ብዛት በየወቅቱ መዝግቦ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ቆሻሻው የት እንደሚጣል፣ አብራሪዎች በየትኛው ሰዓት መጠንቀቅ እንዳለባቸው ማወቅ ይጠበቅበታል። የበረራ መረጃ ትንተናም ሌላው መሣሪያ ነው፤ ክብደታቸው ከ27,000 ኪሎ በላይ የሆነ አውሮፕላን ያላቸው ከ2005 ጀምሮ መቅጃውን አደጋ ሳይጠብቁ በየጊዜው እያነበቡ ፍጥነቱ የበዛ ወይም ያልተረጋጋ አቀራረብ የት እንደሚበዛ ይፈልጋሉ። የሚፈለገው አብራሪው አይደለም፤ የማረፊያው ወይም የመመሪያው ጉድለት ነው። አንድ ኩባንያ ይህን መረጃ አንድ ጊዜ ለቅጣት ከተጠቀመበት ሪፖርት የሚያደርግለት ሰው ዳግመኛ አያገኝም።

ሥጋትን መመዘን ግን ብቻውን አያድንም፤ ይህን ያሳየን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከድራይደን ልክ በ30 ዓመቱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚያው ቀን። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 የላየን ኤር ማክስ በጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ የተሳሳተ ሴንሰር መረጃ እየተቀበለ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር። በላየን ኤርና በኢትዮጵያ አደጋ መሐል፣ በታኅሣሥ 2018፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን ባለሙያዎች ሥጋቱን አሰሉት። ማሻሻያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ የ45 ዓመት ያህል የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ ከባድ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ወረቀቱ ተናገረ። አውሮፕላኖቹ አልቆሙም፤ መብረራቸውን ቀጠሉ። ያ ወረቀት ሕዝብ ያየው ከአንድ ዓመት በኋላ በኮንግረስ ፊት ነው። ቁጥሩ ነበረ። ቁጥሩን ይዞ «ይቁም» የሚል ሰው ነው የታጣው። ያን ሥልጣን ተጠቅመው አውሮፕላኑን ቀድመው ካቆሙት አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ አሜሪካ ያቆመችው ከሦስት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

መቅጃዎቹ ፈረንሳይ ሄደው ተነበቡ፤ የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን አወጣ፤ የመጨረሻውን ደግሞ በታኅሣሥ 2022። ቦይንግ ለአደጋው ኃላፊነቱን በ2021 በፍርድ ቤት ተቀብሏል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ግን የኤምካስን ሚና እየተቀበሉ በሁለት ነገር አልተስማሙም፤ ሴንሰሩ የተበላሸበት ምክንያትና የአብራሪዎቹ ድርሻ በሪፖርቱ በበቂ አልታየም አሉ። አኔክስ 13 ያልተስማማ አገር አስተያየቱ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝለት መብት ይሰጠዋል። አስተያየታችን እንደተጠየቀው አልተያያዘም ብለው በየራሳቸው አሳተሙት።

ይህን ስናነብ ሌላ ታሪክ ማስታወስ አለብን። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ባሕር ገብቶ 90 ሰው ሲሞት መርማሪዋ ሊባኖስ ነበረች። በ2012 ያወጣችው ሪፖርት ክብደቱን በአብራሪዎቹ ላይ ጣለ፤ ያኔ አልቀበልም ያለው የእኛ ወገን ነበር። በሁለቱም አደጋ ጥያቄው አንድ ነው፦ መርማሪው የማንም ወገን እንዳልሆነ ማን ያምናል?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪው የመንግሥት ነው፤ በበረራ 302 ጊዜ የምርመራ ቢሮውም በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ነበር። የመርማሪዎቹን ብቃት የምጠራጠርበት ምንም ምክንያት የለኝም፤ በኤምካስ ላይ ያገኙት ነገር ዓለም የተቀበለው ሐቅ ነው። ነገር ግን በ1935 ሚዙሪ ላይ የተነሣው ጥያቄ፣ ያው አንድ ባለቤት ራሱን ይመረምራል ወይ የሚለው፣ ብቃት የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። የሚመልሰው ሕግ ነው። የምርመራ ቢሮው በአዋጅ የተቋቋመ፣ በጀቱን ከሚመረምራቸው መሥሪያ ቤቶች ያልለመነ፣ ኃላፊው በሚኒስትር ፈቃድ የማይሻር፣ ሪፖርቱን በቀጥታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርብ ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ «አስተያየታችንን አያይዛችኋል ወይ?» የሚል ክርክር ትንሽ ይሆናል። አየር መንገዱም ይጠቀማል። የሊባኖስን ሪፖርት ባልተቀበለበት ቀን የሚፈልገው እንዲህ ያለ መርማሪ ነበር፤ የራሱን ሐቅ ዓለም ፊት ይዞ የሚቆምለት ሰው ሳይሆን፣ ሐቁ የማንም ቢሆን የሚታመን ሰው።